የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ አድማጭ

«አልተዘጋም! እኔ ነኝ ያበላሸሁት!»

«ጋሽ ደምሰው፣ ተዘግቷል። ካውንቲው ራሱ አስታውቋል። ይኸው ስልኬ ላይ ያንብቡት።»

«ስልክህን ከፊቴ አንሳ። ስልክ ላይ የተጻፈ ሁሉ እውነት ከሆነ እኔም ዶክተር ነኝ። ትናንት ዴሌት አድርጌ እንደገና ስሞላው አንድ ቁጥር አዛብቻለሁ። ይቺ ራዲዮ በአንድ ቁጥር ታኮርፋለች።»

«ስንቴ ሞሉት? አብረን እንኳን ስንቴ ሞላነው?»

«እንግዲያው ሁለታችንም ነን ያበላሸነው። ወንበሩን ሳብና ተቀመጥ። ገጣሚ ቆሞ አይሠራም።»

ተቀመጥኩ። ያለነው ስኔልቪል ባለው ቤታቸው፣ በልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ነው። ማድረቂያው ላይ የታጠፈ ፎጣ ተነጥፎ፣ ፎጣው ላይ ጡብ የምታህል ጥቁር ራዲዮ ተቀምጣለች። ፖሊስና አምቡላንስ እርስ በርስ የሚነጋገሩትን የምታሰማ፣ እዚህ አገር «ስካነር» የሚሏት ናት። ትንሿ መስኮቷ ላይ ቁጥሮች ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፣ የአንዱ ቡድን ስም ብቅ ይላል። ሰው እያወራ መሆኑን ታሳያለች። የሚለውን ግን አትሰጥም።

«አየህ?» አሉ ጣታቸውን መስኮቷ ላይ አድርገው። «የማሰራጫውን ማማ ይዛለች። ሰው እየተናገረ ነው። ታዲያ ድምፁ የት ገባ?»

«ኢንክሪፕት አድርገውታል። ቁልፉ የሌለው ራዲዮ አይሰማም።»

«ከማን ደብቀው ነው?»

«ከሌባ።»

«እኔ ሌባ ነኝ?»

መልስ አልጠበቁም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አውርደው ሜኑውን ከመጀመሪያው መጫን ጀመሩ።

ጋሽ ደምሰው ያንን ዓመት አልጨረሱም። ካረፉ ወዲህ ብዙ ጊዜ ስለ እሳቸው ግጥም ልጽፍ ተቀምጬ ተነስቻለሁ። ግጥሙ ሁሉ ያሳምራቸዋል። እሳቸው ደግሞ የሚያሳምራቸውን ሰው አይወዱም ነበር፤ ፎቶ ሲያነሷቸው እንኳ ፊታቸውን ያኮሳትሩ ነበር። ስለዚህ በዝርው ልሞክር።

ያወቅኳቸው ከቤታቸው ሥር ያለውን ቤዝመንት ተከራይቼ ነው። እኔ ዱሉዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ። እሳቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ መንገደኛ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሲያመላልሱ ኖረው፣ ሳንባቸው እምቢ ሲላቸው ቤት ውለዋል። መጀመሪያ ቤቱን ሲያሳዩኝ ወጥ ቤቱን፣ ሻወሩን፣ የማሞቂያውን ቁልፍ አሳይተውኝ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልብስ የሚታጠበው እሁድ ብቻ ነው» አሉ።

«ለምን?»

«እሁድ አትሠራም።»

ማሽኗ እሁድ ካልሠራች እንዴት ነው እሁድ የሚታጠበው ብዬ ግራ ተጋባሁ። አልጠየቅኩም። ቤቱ ርካሽ ነበርና ባለቤቱ ያበደም ቢሆን ግድ የለም ብዬ ፈረምኩ። ለካ የማትሠራው ልጃቸው ነበረች፤ በሌላው ቀን የማሽኗ ጩኸት ራዲዮ ማዳመጡን ያውክባቸዋል።

ልጃቸው ሊዲያ አጠገባችን ባለው ካውንቲ፣ እኛ ወረዳ እንደምንለው፣ የአደጋ ጥሪ ማዕከል ውስጥ ትሠራለች። ስልክ ደውለው እርዱኝ የሚሉትን የሚያናግሩት ሌሎች ናቸው። እሷ ፖሊሱንና አምቡላንሱን በራዲዮ ከወዲያ ወዲህ የምትልከው ናት። ድምፅዋ አየር ላይ ነው ማለት ነው። አባትና ልጅ ለበዓል «እንኳን አደረሰህ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ከመጻጻፍ በቀር አይነጋገሩም ነበር። ጋሽ ደምሰው ግን የሚያስፈልገው ራዲዮ ካለ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ልጃቸው ስትሠራ ሊሰማ እንደሚችል ከአንድ ተሳፋሪ ሰሙ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልሠሩም ማለት ይቻላል።

የገዙት የመጀመሪያው ስካነር ሎረንስቪል አንድ ጋራዥ ውስጥ ከሚሸጥ አሮጌ ዕቃ መሃል የተገኘ ነው። አውሮፕላን ያሰማል፤ የጎታች መኪና ሾፌሮች ሲሳደቡ ያሰማል፤ ሊዲያን አያሰማም። አሮጌው ራዲዮ አንድ መስመር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነው፤ አዲሱ አሠራር ደግሞ እንደዚያ አይያዝም። ልዩነቱን ለእኔ ሲያስረዱኝ እጃቸው ሁሉ ይናገር ነበር።

«ድሮ ራዲዮ እንደ ግል መኪና ነው። ፖሊስ የራሱ መስመር፣ እሳት አደጋ የራሱ መስመር። አሁን ታክሲ ሆኗል። መስመሩ ጥቂት፣ ተሳፋሪው ብዙ። መሃል ላይ አንድ ተራ አስከባሪ አለ። የሚናገር ሰው በመጣ ቁጥር 'አንተ በዚህ፣ አንቺ በዚያ' እያለ ክፍት ባገኘው ላይ ይጭናል። ሊዲያ ጥያቄዋን በአንዱ ትናገራለች፣ መልሱ በሌላው ይመጣል። አሁን አንተ ታክሲውን ብታሳድድ ሞኝ ነህ። ምን ታደርጋለህ?»

«ተራ አስከባሪውን እሰማለሁ።»

«ግጥም ብትተው ሰው ትሆን ነበር።»

አዲሷ ራዲዮ ተራ አስከባሪውን እየሰማች ተሳፋሪውን የምትከተል ናት። ግን ሁሉንም ሊነግሯት ይገባል፤ ማማው የት እንዳለ፣ ተራ አስከባሪው በየትኛው ቁጥር እንደሚጮህ፣ የትኛው ቡድን የማን እንደሆነ። ጋሽ ደምሰው ቡድኖቹን «ማኅበር» ነበር የሚሏቸው። የአውራ ጎዳና ጠጋኞች ማኅበር፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ማኅበር፣ የውሃ ቧንቧ ማኅበር። ሊዲያ የምትመራውን የፖሊስ ቡድን በእንግሊዝኛ ፊደል «ሊዱ» ብለው ሰይመው አስገቡት። በልጅነቷ የሚጠሯት እንደዚያ ነበር።

ራዲዮኗ መጀመሪያ አስቸገረቻቸው። ፖሊሱ ሲጠይቅ ይሰማቸዋል፤ ሊዲያ ስትመልስ አይሰማቸውም። ጥያቄው እንዳለቀ ራዲዮኗ ወደ ሌላ ማኅበር ትዘላለች። «ልጄ አትመልስም እንዴ? ሊያባርሯት ነው» ብለው እንቅልፍ አጥተው ነበር። በኋላ ሜኑው ውስጥ፣ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ትንሽ እንድትታገሥ የሚያደርጋትን ቦታ አገኙ። ሲያገኙት ቤዝመንት ድረስ ወርደው በሬን ደበደቡ። «መለሰች!» አሉኝ። ምን እንደመለሰች ስጠይቃቸው የመኪና ታርጋ ቁጥር ነው አሉ።

ከዚያ ደግሞ ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። ሳሎን አስቀመጧት፣ ተቆራረጠ። መስኮት ላይ ሰቀሏት፣ ባሰ። ትልቅ አንቴና ገዝተው እኔን ጣሪያ ላይ አወጡኝ፤ ይሄኔማ ጭራሽ ውሃ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ሆነ። አንድ ቀን ፎጣ ሊያጥፉ ራዲዮኗን ይዘው የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ፣ በዚያ ግድግዳ በከበበው፣ መስኮት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ የሊዲያ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። አንዱን ድምፅ ብዙ ማማዎች በአንድ ጊዜ ይልኩታል፤ አንዱ ትንሽ ቀድሞ፣ አንዱ ትንሽ ዘግይቶ ሲደርስ ራዲዮኗ ግራ ትጋባለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ከአንዱ በቀር ሁሉንም ጋርዶላታል። ትልቁን አንቴና ፈትተው ትንሿን ተከሉላት።

«ብዙ መስማት ነው ያደነቆራት» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበራቸው እዚያ ገባ። ሳሎናቸው ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ምቹ ሶፋ እያለ፣ ኮታቸውን ለብሰው በማጠቢያና በማድረቂያ መሃል፣ በሳሙና ሽታ ውስጥ ይውላሉ። ጠዋት ፈረቃዋን ስትጀምር ድምፅዋ ሲመጣ ከወንበሩ ብድግ ብለው ይቀመጣሉ፤ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚደረገው። ብድግ ማለታቸውን የሚያውቁት አይመስለኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ሊዲያ ራዲዮ ላይ አትቆጣም፣ አትስቅም፣ አትቸኩልም። ተራራ እየተናደ ቢሆን እንኳ አድራሻውን ቀስ ብላ ሁለቴ ትላለች። ጋሽ ደምሰው ግን ዝም ብለው አያዳምጡም። ፖሊሱ መንገድ ሲጠፋበት «በዚያ አይወጣም፣ ቆፍረውታል! ከኋላ ዙር!» ብለው ይጮሁበታል። የሌላ ሰው ድምፅ ሲተካ «ምሳ ወጣች» ብለው እሳቸውም ለመብላት ይነሳሉ። ተመልሳ ሳትገባ ብትዘገይ ሳህኑን ሳያጥቡ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን አንድ ሕፃን መዋኛ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ሊዲያ አምቡላንሱን ላከች፣ ፖሊሱን ላከች፣ መንገድ አስከፈተች። ሁሉንም በዚያው ድምፅ። ከዚያ አንድ የወንድ ድምፅ አምቡላንሱ ከእንግዲህ መቸኮል እንደሌለበት ነገራት። እሷም ሰምቻለሁ አለችና ቀጣዩን ጥሪ ተቀበለች።

«አለቀሰች» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«የቱ ጋ?»

«ከሁለቱ መሃል። ዘገየች እኮ። አልሰማህም?»

አልሰማሁም ነበር። ለእኔ ድምፅዋ አንድ ዓይነት ነው። እሳቸው ከዝምታዋ ርዝመት ያውቁ ነበር።

ስለ ጥገና የሚሉት ነገር ነበራቸው። «ለተበላሸ ነገር አይዞህ አትበለው፤ ምንህን ነው በለው።» መኪናዬም ስትቆም፣ እኔም ሳዝን ይህንኑ ነበር የሚሉኝ። ግጥሜን ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው «ማማውን ይዟል፣ የሚያወራበት ሰው ግን የለም» አሉኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። እውነታቸውን ነበር።

ሊዲያን መጀመሪያ ያየኋት ራዲዮኗ ምክንያት ሆና ነው። ድምፅዋ አንድ ቀን ሻካራ ሆኖ መጣ። በማግስቱ ባሰ። ጋሽ ደምሰው ማር ገዙ፣ ዝንጅብል ገዙ፣ ዱሉዝ ያለውን የአፓርታማዋን አድራሻ ሰጥተው ላኩኝ። «እሷ ስታነሳው አትይ፣ በር ላይ አስቀምጠህ ና» ብለውኝ ነበር። ሳስቀምጥ በሩ ተከፈተ። ብርድ ልብስ የተከናነበች፣ አፍንጫዋ የቀላ ሴት።

«ሁ አር ዩ?»

«የአባትሽ ተከራይ ነኝ። ማር ልኮልሻል።»

ማሩን አየችው። እኔን አየችኝ።

«እንዴት አወቀ?» አለች። «ለማንም አልተናገርኩም እኮ። ሲሪየስሊ፣ እንዴት አወቀ?»

«አባት አይደል» አልኩና በደረጃው ወረድኩ። ቀና ስል አሁንም በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ የሆነ ነገር እንደምታሰላ ሰው።

የኩርፊያውን ምክንያት የሰማሁት ከክሊኒክ ስመልሳቸው መኪና ውስጥ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር እህታቸውን ሊጠይቁ ደሴ ሄደው በድንገት አረፉ። ሊዲያ ያኔ ለዚሁ ሥራ ሥልጠና ላይ ነበረች፤ የመጨረሻው ፈተና ደርሷል። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። «ፈተናዋን ትጨርስ» ተባለ። ማንም ክፉ አላሰበም። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይወረወርም፤ ቀን ይመረጥለታል፣ የሚናገር ሰው ይመረጥለታል፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ይቆምለታል። ሊዲያ ስትደውል ጋሽ ደምሰው ድምፃቸው እንዳይሰበር ውሃ ጠጥተው ያነሳሉ። «እናትሽ ገጠር ወጥታለች፣ ኔትወርክ የለም» ይሏታል። እሷም ለእናቷ የድምፅ መልእክት መላኳን ትቀጥላለች። ፈተናውን ያለፈች ቀን መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ፎቶ ተነስታ ለእናቷ ላከች። በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ጥቁር ለብሰው በሯ ላይ ቆሙ።

«በሩን ከፍታ አየችን» አሉኝ መንገዱን እያዩ። «አልጮኸችም። 'መቼ?' ብቻ አለች። ነገርናት። በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ 'ፎቶውን ለማን ነው የላክሁት?' አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ምን እላለሁ። 'ላንቺ ብለን ነው' አልኳት።»

ትንሽ ከተጓዝን በኋላ፣ ክሊኒክ የሄድንበትን ነገር ማንም ሳይጠይቃቸው ነገሩኝ። ሳንባቸው ውስጥ የነበረው ነገር ወደ ሌላ የሰውነታቸው ክፍል ተሠራጭቷል። ሐኪሙ ቤተሰብ አለዎት ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል።

«ለሊዲያ እንዳትነግር» አሉኝ። «ሱፐርቫይዘር ለመሆን እየተወዳደረች ነው አሉ። ያ ይለፍ።»

«ጋሽ ደምሰው፣ ይሄ እኮ ያኔ ያደረጉት ነው።»

«አይደለም። ያኔ የተሳሳትኩት አቀራረቡን ነው። ጊዜውን አይደለም።»

«ጊዜ የለዎትም እኮ።»

«መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ንዳ።»

ራዲዮኗ ዝም ያለችው በዚህ መሃል ነው። ያን ቀን ማድረቂያው ላይ ተደፍተን ስንከራከር እኔ የማየው አንድ ዕቃ አልነበረም። ድምፅዋን እስከሰሙ ድረስ፣ ደህና መሆኗን እስካወቁ ድረስ፣ ስልክ የማንሳቱን ነገር ለነገ ማለት ይችሉ ነበር። አሁን ነገ የሚሉበት ነገር ተወሰደባቸው። እኔ ይሄ ይገፋቸዋል፣ ይደውላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጥገና ገቡ።

ባትሪ ቀየሩ። አንቴና ቀየሩ። ማማውን በሌላ ማማ ለወጡ። ፕሮግራሙን አጥፍተው ከባዶ ሞሉ። አውቶቡሶቹ ይሰማሉ፣ ቧንቧ ሠራተኞቹ ይሰማሉ፣ ጎዳና ጠጋኞቹ ስለ አስፋልት ይጨቃጨቃሉ። ፖሊሱ ብቻ ነው ዝም ያለው።

«ታዲያ ይሄ አያሳይም?» አልኳቸው። «ራዲዮኗ ብትበላሽ ሁሉም ዝም ይሉ ነበር።»

«የእሷን ቦታ ብቻ ነው ያበላሸሁት ማለት ነው።»

ሎረንስቪል እንዲህ ያሉ ራዲዮዎችን የሚሸጥ አንድ ጺማም ሽማግሌ ጋ ወሰድኳቸው። ሰውየው ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ፣ ቁልፎቹን ነካካ፣ አውቶቡሶቹን ሰማ፣ ከዚያ በሁለት እጁ መለሰላቸው። ራዲዮኗ ምንም አልሆነችም አላቸው፤ ፕሮግራሙ የተሞላው እንከን በሌለው መንገድ ነው፣ እሱ እንኳ እንዲህ አሳምሮ አይሞላም። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቶ እንደዚያ ሲከፋው አይቼ አላውቅም።

«ተበላሽታለች ቢለኝ ምናለበት» አሉ መኪና ውስጥ። «ደህና ነገር እንዴት ይጠገናል?»

ራዲዮኗ ላይ ጥፋተኛ ለመሆን ይለምናሉ፤ የእሳቸው ጥፋት ከሆነ ይስተካከላል። የልጃቸው ነገር ላይ ግን አንዲት ጥፋት አትገኝባቸውም። ይህን በዚያ ቀን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ፣ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ሰምቼ መልሼ ዘጋሁት።

በነጋታው ለሊዲያ ጻፍኩላት። ሕመሙን አላነሳሁም፤ ያ የሚነገረው በእሳቸው አፍ ነው። «አባትሽን መጥተሽ እዪው» ብቻ አልኩ።

«እሱ ነው ያለው ወይስ አንተ?» ብላ መለሰች።

«እኔ።»

ብዙ ቆይታ «ኦኬ» አለች።

የመጣችው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። ጋሽ ደምሰው ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የቆዩት፤ አንድ ቀትር ላይ አምቡላንስ ጠራሁላቸው፣ ሆስፒታል እንደገቡ አረፉ። ሽማግሌዎቹ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ተሰብስበው «ፈረቃ ላይ ናት፣ ትጨርስ፣ ነገ በማለዳ እንሄዳለን» ሲባባሉ ተነስቼ ደጅ ወጣሁና ደወልኩላት። አባትሽ አርፏል አልኳት። «መቼ?» አለች። «አሁን» አልኳት። ራዲዮ ላይ እንደምትለው «ኮፒ»፣ ማለትም ሰምቻለሁ፣ አለችና ዘጋች። ስመለስ ሽማግሌዎቹ ገና ማን እንደሚናገር እየመረጡ ነበር።

እኔ ግን የሚመጣብኝ ያ ቅዳሜ ነው። ጋሽ ደምሰው ጠዋት ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የራሳቸው ቤት ሳይሆን ለሥራ ቃለ መጠይቅ የመጡበት ቢሮ ይመስላል። ሊዲያ ስትገባ ጉንጫቸውን ሳመች። እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ደህና ነው ተባባሉ። ልተዋቸው ስነሳ ጋሽ ደምሰው «ተቀመጥ» አሉኝ። የፈሩ መሰሉኝ።

ሊዲያ ዓይኗን ክፍሉ ላይ ስታዞር የልብስ ማጠቢያው በር ክፍት ነበር። ወንበሩን አየች። ፎጣው ላይ የሚያብረቀርቀውን አየች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ራዲዮ ነው» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ተነስታ ሄደች። ከወገቧ ጎንበስ ብላ የራዲዮኗን መስኮት አነበበች። የቡድኑ ስም ሲበራ፣ በልጅነቷ ትጠራበት የነበረውን ስም አየች። ሳትዞር ቆየች።

«ጉንፋን እንደያዘኝ በዚህ ነው ያወቅከው?»

«ድምፅሽ ሻክሮ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማኝ?»

«ሥራ ከጀመርሽ በኋላ ብዙም አልቆየሁ።»

«ሁልጊዜ? ኤቭሪ ዴይ?»

«እሁድ አትሠሪም።»

ዞረች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። «አባዬ፣ እዚህ ቁጭ ብለህ እኔ ለማላውቀው ሰው ሳወራ ትሰማለህ? ስልክ አንስተህ፣ ላይክ፣ 'እንዴት ዋልሽ' ማለት ከዚህ ይከብዳል? አንቴና ከመትከል ይከብዳል?»

«ሥራ ላይ ነሽ። ልረብሽሽ አልፈለግኩም።»

«ሁልጊዜ ለእኔ ብለህ ነው።»

«ታዲያ ለማን ልበል?»

ተመልሳ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እንደሚያዳምጥ ሰው ጭንቅላቷን ትንሽ ዘንበል አደረገች። ያን ጊዜ እኔም ሰማሁት፤ የጋሽ ደምሰው ትንፋሽ መጨረሻው ላይ ትንሽ እንደ መንጠቅ ይል ነበር።

«ትንፋሽህ ምን ሆኖ ነው?»

«ደረጃ ወጥቼ ነው።»

«ከገባሁ ጀምሮ ተቀምጠሃል። አባዬ፣ ራዲዮ ላይ ሳልቀመጥ መጀመሪያ የሠራሁት ስልክ ማንሳት ነው። ሰው ሲተነፍስ እየሰማሁ ነው የኖርኩት። እየዋሸኝ የሚተነፍስም አውቃለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ምንድን ነው የሆነው?»

ጋሽ ደምሰው አዩኝ። ልመና አልነበረም፤ ትእዛዝም አልነበረም። ገንዳ ጫፍ ላይ የቆመ፣ መዋኘት የማይችል ሰው እይታ ነበር።

«ጋሽ ደምሰው፣ እርስዎ ይንገሯት» አልኩ። «አሁን ይንገሯት።»

«ምኑን?» አሉ።

ሊዲያ ወደ ፊት ተጠጋች። ክርኖቿን ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ፣ በዚያ በማይቸኩል፣ አድራሻ ሁለቴ በሚናገር ድምፅዋ ጠየቀቻቸው።

«አባዬ። የምትነግረኝ ነገር አለ?»

ማቀዝቀዣው ወጥ ቤት ውስጥ ያጉረመርማል። ጋሽ ደምሰው በአውራ ጣታቸው የኮታቸውን ቁልፍ እያሹ ወለሉን አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቆመ። እንደገና ተንቀሳቀሰ። ሊዲያ አልገፋቻቸውም። እንደዚያ መጠበቅ የምትችል ሰው አይቼ አላውቅም።

«አለ» አሉ።



«ራዲዮኗ ዝም ብላብኛለች» አሉ። «ሁሉን ሞከርኩ። ምን እንዳጠፋሁ አላወቅኩም።»

ሊዲያ አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲከደን አየሁ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣

«ምንም አላጠፋህም አባዬ» አለች። «እኛ ነን የዘጋነው። አይመለስም።»

ስልኬን አላመኑም ነበር። ሻጩን አላመኑም ነበር። እሷን አመኗት። ራሳቸውን ብዙ ጊዜ ነቀነቁ። «እንግዲህ እሺ» አሉ። «እንግዲህ እሺ። ምሳ አልበላሽም አይደል?»

«በልቻለሁ።»

ቁልፏን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ሳመችና እዚያው እንደተደፋች፣ ጉንጯን ፀጉራቸው ላይ አድርጋ፣ ትንሽ ቆየች። የምትሰማ ይመስለኛል።

«ቁጥሬ አልተቀየረም» አለች።

ወጣች። የእነ ጋሽ ደምሰው ቤት የውጪው በር መስታወት ነው፤ እንዳይላተም ከላይ የሚይዘው ነገር ስላለው ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው። በመስታወቱ ውስጥ በደረጃው ስትወርድ፣ በሣሩ ስታቋርጥ፣ የመኪናዋን በር ስትከፍት ትታያለች። ጋሽ ደምሰው አንገታቸውን አስግገው አዩ። ክፍተቱ ጠበበ፣ አሁንም ጠበበ። አፋቸውን ከፈቱ። ስሟን የሚጠሩ መሰለኝ። በሩ ቀጭ ብሎ ገጠመ።